ኮሶ፦ ትሉም፣ ዛፉም፣ መድኃኒቱም

ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ በሱሉልታ ገበያ አንድ ጥግ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ቀበሪቾና ጦስኝ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሰሞን ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ከፊታቸው በዘረጉት ጆንያ ላይ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ የደረቀ የአበባ ዘለላ ከምረው አየሁ። አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ኮሶ አለዎት?» ሲል ጠየቃቸው። ቀና ብለው አዩትና፣ «ያለኝ እኔ፣ ያለብህ አንተ» አሉት። በዙሪያው የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ልጁ አንገቱን ደፋ።

ቀልዱ የተሠራው ከአንድ ቃል ነው። በአማርኛ ሆድ ውስጥ የሚኖረው ትል ኮሶ ነው፤ ትሉን የሚያስወጣው አበባ ኮሶ ነው፤ አበባው የሚለቀምበት ዛፍም ኮሶ ነው። በሽታና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላገኘሁም። ስሙ አንድ በመሆኑ ይመስለኛል ስለ አንዱ የሚወራው ለሌላው የሚተርፈው። «ኮሶ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «የትኛው?» መሆን አለበት።

የትኛው ኮሶ?

ከዛፉ እንጀምር። የሳይንስ ስሙ ሀገኒያ አቢሲኒካ ነው። የሚመደበው በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ ከፖምና ከእንጆሪ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ በቅርብ ወገኑ ግን ብቸኛ ነው፣ ወንድምም እህትም የለውም። ደጋ ይወዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ ሲመቸው 20 ሜትር ያህል ይረዝማል። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተፈጥሮ ቦታው ማየት የፈለገ ሰው ከሰበታ ወይም ከሆለታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ገብቶ የወጨጫን ተዳፋት መውጣት ይኖርበታል። ጥዱን አልፎ ከፍ ሲል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የተጎነጎነ ዛፍ ካጋጠመው እርሱ ነው።

ኮሶ እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴው በየዛፉ የተለያየ ነው። የወንዴው አበባ ነጣ ወይም ብርቱካናማ መሰል ሲሆን ቀለል ያለ ነው። የሴቴው ደግሞ ቀላ ያለ፣ ከባድ፣ ወደ ታች የሚንዠረገግ ዘለላ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ይኸኛው፣ ሴቴው፣ ፍሬው ከመርገፉ ጥቂት ቀደም ብሎ የተለቀመ ሲሆን ነው። ገበያ ላይ ደርቆና ተሰባብሮ ሲቀርብ ግን ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ ለእኔ ዓይን የሚቻል አልሆነም። ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትሉ ደግሞ ሐኪሞች ቲኒያ ሳጂናታ የሚሉት፣ ከከብት ሥጋ የሚመጣ ጠፍጣፋ ትል ነው። ከወስፋት ጋር አይገናኝም። ወስፋት ድቡልቡልና ወጥ ሲሆን፣ ኮሶ ግን እንደ ጥብጣብ ዝርግና ቁርጥራጭ የተቀጣጠለበት ነው። የተለመደው ርዝመቱ ከ4 እስከ 12 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ርዝመት ታጥፎና ተጣጥፎ አንጀት ውስጥ ሲኖር፣ ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ የዱባ ፍሬ የምታህል ነጭ ቁራጭ በሰገራ ላይ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ስትንቀሳቀስ ስትታይ ነው።

ሆዳችን ውስጥ እንዴት ይገባል?

«ጥሬ ሥጋ ኮሶ ይወልዳል» ይባላል። ንፁሕ ጥሬ ሥጋ ግን ኮሶ አይወልድም። ሥጋው ውስጥ ትሏ ቀድማ ካልገባች፣ የቱንም ያህል ቁርጥ ቢበላ ኮሶ አይመጣም። ታዲያ ትሏን ወደ ከብቱ ማን ያስገባታል? ሰው ነው። ይህን ክፍል ብዙዎቻችን መስማት አንወድም።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ በእንቁላል የተሞሉ ቁርጥራጮች ይወጣሉ። አንዷ ቁራጭ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ልትይዝ ትችላለች። እንቁላሎቹ ሣሩ ላይ፣ በተለይ እርጥበት ባለበት፣ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጣቸዋል። በአንጀቱ ተፈልፍለው ግድግዳውን ይበሱና በደም ተጉዘው ጡንቻው ውስጥ ይሰፍራሉ። እዚያም እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የምትሆን፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ይሆናሉ። ከረጢቷ ውስጥ የትሉ ራስ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። የቄራ ሐኪሞች የመንጋጋ ጡንቻን፣ ምላስንና ልብን እየሰነጠቁ የሚመረምሩት እነዚህን ከረጢቶች ፍለጋ ነው። ምርመራው ይጠቅማል፤ ሆኖም ጥቂት ብቻ የያዘ ከብት ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል፤ በየሰፈሩ ጓሮ የሚታረደውንማ ሐኪም ከነአካቴው አያየውም።

ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ አድርጎ ሲበላ ከረጢቷ ትፈታለች፤ የትሉ ራስ ይወጣና በአራት መምጠጫዎቹ የአንጀትን ግድግዳ ይይዛል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ትል ሆኖ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። ከዚያ ሜዳ፣ ሣር፣ ከብት።

አሁን የከተማዋን ዳርቻ አስቡት። ቡራዩን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን፣ ሱሉልታን ተመልከቱ። በአንድ በኩል መጸዳጃ ያልተሠራለት የግንባታ ቦታ አለ፤ መቶ ሠራተኛ ይውልበታል። በአጥሩ ማዶ የገበሬው ላሞች ይግጣሉ። ከመንገዱ ባሻገር ደግሞ ቅዳሜ ከመሀል ከተማ በመኪና የመጣ ሰው ቁርጥ በአዋዜ የሚበላበት ሥጋ ቤት አለ። ሦስቱም የክቡ ጣቢያዎች በአንድ ዓይን ይታያሉ። ሥጋ ቤቱን ብቻ የሚወቅስ ሰው ክቡን ከመካከሉ ጀምሮ የሚያነብ ነው።

ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ አረቄው ትሏን ይገድላታል የሚለው ወሬ እውነት የለውም። የሚገድላት ሙቀትና ብርድ ነው። ሥጋው ውስጡ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ ሲበስል ትሞታለች። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን ያህል ያለማቋረጥ ከቆየም ትሞታለች። «ያለማቋረጥ» የሚለው ቃል መብራት በሚጠፋበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አላብራራም።

ደግሞ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የከብት ኮሶ እንቁላል ወደ ሰው ሆድ ቢገባ ሰው ውስጥ አያድግም። ስለዚህ ኮሶ ካለበት ሰው ጋር መብላት ኮሶ አያሲዝም። እንቁላሉ ሰው ውስጥ ተፈልፍሎ አንጎል ድረስ ሄዶ ሊሰፍር የሚችለው የአሳማ ሥጋው ዘመዱ ነው፤ እርሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አበባው ትሉን ምን ያደርገዋል?

ትሉ አፍም ሆድም የለውም፤ ምግቡን የሚመጥጠው በቆዳው ነው። እዚያ ለመቆየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መያዝ። አንጀት ያለማቋረጥ ወደ ታች የሚገፋ ወንዝ ነው ብንል፣ ትሉ የወንዙን ዳር ሥር ጨብጦ የተንጠለጠለ ሰው ነው። ክንዱ ከዛለ ውኃው ይወስደዋል።

የኮሶ አበባ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉ ውሁዶች አሉ። በኬሚካል ቤተሰባቸው አውሮፓውያን በጥንት ጊዜ ለዚሁ ለጠፍጣፋ ትል ይጠቀሙበት ከነበረው የፈርን ሥር ጋር ይዛመዳሉ። ኮሶቶክሲን የጡንቻ መርዝ ነው። የትሉን ጡንቻ ያዝለዋል፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ አበባው ሰውየውን በኃይል ያስቀምጠዋል። ማለትም በአንድ በኩል ጨብጦ የያዘው እጅ ይላላል፣ በሌላ በኩል ወንዙ ይሞላል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ትሉ ይወርዳል። ስለዚህ «የባሕል መድኃኒት ወሬ ብቻ ነው» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ኮሶ ይሠራል።

አዘገጃጀቱ ከቤት ቤት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። የደረቀው አበባ ይወቀጣል፤ በውኃ ይዘፈዘፋል ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ሰውየው ሆዱን ባዶ አድርጎ ያድርና ማለዳ ይጠጣዋል። ምሬቱን ለማስረዳት አልሞክርም። ቋንቋችን ራሱ የመጨረሻውን ምሬት ለመግለጽ «እንደ ኮሶ የመረረ» ነው የሚለው፤ ከዚያ የሚበልጥ ማነጻጸሪያ አልተገኘም። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ታዲያ ለምን በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር?

አያቶቻችን ኮሶን አንዴ ጠጥተው አይገላገሉትም ነበር። በየሁለት ወሩ ይጠጡ እንደነበር የአገራችንን ሰው ያዩ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሌላ ምክንያት አይጠየቅም። የዛሬውን የሕመም ፈቃድ በሉት።

ሁለት ወር ከየት መጣ? ሰርዶን ያጨደ ገበሬ ያውቀዋል። ላዩ ቢታጨድ ሥሩ ካለ ተመልሶ ይበቅላል። የኮሶም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ ቁራጭ የሚበቅለው ከራሱ ሥር፣ ከአንገቱ ነው። አበባው ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጥብጣብ ቆርጦ ያወርደዋል፤ የመርፌ ራስ የምታህለው ራስ ግን ግድግዳውን እንደያዘች ልትቀር ትችላለች። ሰውየው ሜትሮች ሲወርዱለት አይቶ «ዳንኩ» ይላል። ራሷ ግን ሥራዋን እንደገና ትጀምራለች፤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ቁርጥራጮቹ ተመልሰው ይታያሉ። በዚያ ላይ በመካከሉ አዲስ ጥሬ ሥጋ ይበላል። ማይክሮስኮፕ ያላየ ሕዝብ የትሉን የእድገት ጊዜ ከሆዱ ቆጥሮ ይህን ያህል መቅረቡ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

መድኃኒቱ ለሁሉም ያስፈልግ ነበርና ሻጩም ብዙ ነበር፤ ሥራው ግን ክብር አልነበረውም። ጠላቶቻቸው አፄ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው የነበረው እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል ስለሚባል ነው። ንጉሡንም መኳንንቱንም በየሁለት ወሩ የሚያድን አበባ መሸጥ እንዴት ስድብ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ባሕር ተሻገረ። ብራየ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ሳለ አውቆት ለአውሮፓ አስተዋወቀው፤ ለጥቂት ጊዜም ዛፉ በእርሱ ስም «ብራየራ» ተብሎ ተጠርቶ ነበር። በኋላ የጸናው ሀገኒያ የተባለው ስም ሐገን ከተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ የተወሰደ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ኮሶን አካተቱት፤ የተሻለ ሲገኝም አወጡት።

ጉዳቱ ምን ላይ ነው?

የትሉን ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ለሰውየው ጡንቻ ደንታ የለውም። በትንሹ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥና መዛል ያመጣል። መጠኑ ሲበዛ ከዚህ ያልፋል። በኢትዮጵያ የዓይን ሐኪሞች ኮሶ ከጠጡ በኋላ የዓይን ነርቫቸው ተጎድቶ እይታቸው የቀነሰ ወይም የጠፋባቸውን ሕሙማን መዝግበዋል። በኮሶ የሞቱ ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ሕፃናት፣ አቅመ ደካሞችና ሌላ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ፤ ድንገት ብዙ ውኃ ከሰውነት መውጣቱ ብቻውን ለእነርሱ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅድም «ልብ በሉልኝ» ያልኩት የሚመለሰው። ችግሩ አበባው መርዝነት ያለው መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ክኒንም ቢሆን መጠኑ ካለፈ ይመርዛል። ችግሩ ልኩ አለመታወቁ ነው። አንድ እፍኝ የኮሶ አበባ ከሴቴ ዛፍ ይሁን ከወንዴ፣ በጊዜው የተለቀመ ይሁን ያለፈበት፣ ዘንድሮ የደረቀ ይሁን ከርሞ ኃይሉ የወረደ፣ ይህ ሁሉ በውስጡ ያለውን የመርዝ መጠን ይለውጠዋል። አምና በአንድ ኩባያ የዳነ ሰው ዘንድሮ በዚያው ኩባያ ሊወድቅ ይችላል፤ ወይም ምንም ላይሆንና ደግሞ ሊጨምርበት ይችላል። ጎረቤቴ የሆነ አንድ ሰው የደረሰበት ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ኩባያ «አልያዘኝም» ብሎ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ደገመ። ማታ ላይ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶለት ተረፈ። ትሉ ወርዶ ነበር አሉ። ራሷ መውረድ አለመውረዷን ግን በዚያ ግርግር ማን ያይላታል?

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ እሬትንና የእባብን መርዝ ማን እንደሠራቸው ጠይቁት።

ክኒኑ በምን ይለያል?

ለኮሶ ትል በጤና ተቋማት የሚታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ናቸው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መዋጥ ያበቃሉ። ኒክሎሳማይድ እየታኘከ ይዋጣል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ነው። የትሉን ኃይል ማመንጫ ያጠፋበታል፤ ወፍጮው መብራት እንደተቋረጠበት ቆሞ ይቀራል። ፕራዚኳንቴል ደግሞ የትሉን ጡንቻ አኮማትሮ ያደርቀዋል። ትልቁ ልዩነት ግን እያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን የታወቀ መሆኑና ራሷንም ጭምር መግደላቸው ነው።

አንድ ተደጋጋሚ ቅሬታ እሰማለሁ፤ «ክኒኑን ዋጥኩ፣ ምንም አልወረደልኝም፣ አይሠራም።» ኮሶ ጠጪው ሜትሮች ሲወርዱ ማየት ለምዷል። በክኒን የሞተ ትል ግን አንጀት ውስጥ ሊፈጭና እንደ ሌላው ምግብ ተሰባብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ የሚታይ ነገር አለመኖሩ አለመዳን አይደለም። የሚለካው በሦስት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁራጭ ተመልሶ ካልታየ ራሷ ሄዳለች። ከታየ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

ብዙ ሰው ለማንኛውም የሆድ ትል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጠው አልቤንዳዞል ለወስፋት የተመሰገነ ቢሆንም፣ በአንድ ክኒን ለኮሶ የሚታመን አይደለም። የሰገራ ምርመራም አንዳንድ ጊዜ «የለብህም» ሊል ይችላል፤ እንቁላሉ በየቀኑ አይገኝምና። ቁራጩን በዓይናችሁ ያያችሁ ከሆነ ያያችሁትን ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩ፤ ከተቻለም በንፁሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ዛፉስ የት ሄደ?

መድኃኒቱ ገበያውን ለክኒን እየለቀቀ ቢሆንም ዛፉ አላረፈም። እንጨቱ ቀይና ውብ ስለሆነ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ዛፉ በዝግታ ነው የሚያድገው። ወንዴና ሴቴው የተለያዩ በመሆናቸው ደግሞ ለብቻዋ የቀረች አንዲት ሴቴ ዛፍ፣ ነፋስ ብናኝ የሚያመጣላት ወንዴ በአቅራቢያዋ ካልተገኘ አበባዋ እንጂ ዘሯ አይተርፍም።

ያን ቀን በሱሉልታ ወጣቱ ሳይገዛ ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ አበባው የመጣበትን ቦታ ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ በእጃቸው ባሕር ዛፍ ወደ ለበሰው የእንጦጦ ጀርባ አመለከቱ። «እናቴ ከዚያ ትለቅም ነበር። እኔ ከነጋዴ ነው የምገዛው፤ በአይሱዙ ከሩቅ ነው የሚመጣው።» ዘለላዎቹን አገላብጠው ከመካከላቸው አንዱን መዘዙና አሸተቱት፤ ፊታቸውን ጨፈገጉ። «ይኸኛው ወንዴ ነው» አሉና ከጆንያው ውጭ ወረወሩት።